ባዛሩን መርቄ ከፍቻለሁ

የስኬልዊኳ ሌዲ ዊኒፍሬድ ሐሙስ ሐሙስ ከጡረተኞች ጋር ተሰልፋ የነጻ ሾርባ ትጠጣለች። አዎ፣ ራሷ ሌዲ ዊኒፍሬድ! ከጀርባዋ ሐይቅ፣ ከፊቷ በግ የተሰማራበት ሰፊ መስክ፣ ደረጃው ግድግዳ ላይ ከሥዕላቸው ዓይናቸውን ያፈጠጡ ቅድመ አያቶች እያሏት፣ በአሮጌ ላንድሮቨር እየተንገጫገጨች ሃቨርስቢ ከተማ ወዳለው የሾርባ አዳራሽ ትወርድና ኩባያዋን ትዘረጋለች። ኧረ ነውር ነው የሚላት ቢኖር መልሷ አጭር ነበር፤ ሾርባው ትኩስ ነው፣ አዳራሹ ይሞቃል፣ መኖሪያዋ ስኬልዊክ ግን አይሞቅም።

ስኬልዊክ ተሠርቶ ካለቀበት ቀን ጀምሮ ሞቆ አያውቅም። ጣሪያው ያፈስሳል። ባልዲ ያልተቀመጠበት ኮሪደር የለም፤ ዝናቡ ሲበረታ የሌዲ አልጋ ላይም አንድ ድስት ይደረጋል። ባሏ ሰር ጎድፍሬ ቤት ውስጥ ማሞቂያ ማስገባት ትናንት ሀብታም የሆነ ሰው ጠባይ ነው ባይ ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና በሳንባ ምች ሞተ። በዚያ ሁሉ ክፍል መካከል የምትሞቀው አንዲት ጠባብ ክፍል ብቻ ናት፤ ከወጥ ቤቱ በላይ ያለችው፣ የምድጃው ጭስ ማውጫ በግድግዳዋ የሚያልፍባት። እሷም የገረዶቹ አለቃ የሚስስ ኮብ ነበረች። ሚስስ ኮብ ስትሞት ውሾቹ ወረሷት። ሌዲ እዚያ ትተኛ ብሎ ያሰበ ሰው የለም፤ የስኬልዊክ ሌዲዎች የሚተኙት በምሥራቁ ክንፍ ነው፤ እዚያው ይንዘፈዘፋሉ፣ እዚያው ይሞታሉ።

ልብሷንስ አታንሱት። ሹራቧ ክርኑ ላይ ተበልቷል። ካፖርቷ የአማቷ ነበር፣ ያውም የወንድ፤ ቀበቶው የጠፋው ማንም በማያስታውሰው ዘመን ስለሆነ በድርቆሽ ማሰሪያ ሲባጎ ሸብ አድርጋዋለች። በዚያ አገር የጥንት ባለርስት ልብስ ይወርሳል እንጂ አይገዛም፤ አዲስ ካፖርት የለበሰ ሰው ካያችሁ አባቱ ሱቅ ነበረው ማለት ነው። ሾርባ የምትቀዳው ብሬንዳ ሆልሮይድ ግን ይህን ሁሉ ምን ብላ ታስበው? ያየችው ሲባጎውን ነው።

ብሬንዳ ድምፅዋም ደረቷም ሰፊ፣ ልቧ ደግሞ ከሁለቱ የባሰ ሰፊ ሴት ናት። የሃቨርስቢ ሌበር፣ ማለትም የሠራተኞች ፓርቲ፣ ሊቀመንበርም እሷው ናት። የመጀመሪያ ቀን ሌዲ ዊኒፍሬድን በር ላይ ስታያት አንጀቷን በላቻት።

“ግቢ እንጂ የኔ ቆንጆ፣ በር ላይ አትገተሪ! ብርዱን ይዘሽብን ትገቢያለሽ። ማን ልበልሽ?”

“ዊኒፍሬድ።”

“ዊኒ! ቁጭ በይ ዊኒ። ምነው እጅሽ በረዶ ሆነ በሞትኩት! ዳቦ ጨምሩላት!”

በሕይወቷ ዊኒ ብሎ የጠራት ሰው አልነበረም። ጀርባዋን ቸብ ቸብ ያደረጋትም የለም፤ ከሐኪምና ከፈረስ በቀር ሰውነቷን የነካ ፍጡር ስለመኖሩ እንኳ እርግጠኛ አልነበረችም። እውነቱን መናገር የነበረባት ያኔ ነው። ነገር ግን ሾርባው መጣ። በሚቀጥለው ሐሙስ ደግሞ መናገሩ አሳፈራት፣ ከዚያ ወዲያማ ተወችው።

እንዴት አላወቋት ትሉ ይሆናል። ሰው የሚያውቀው ባርኔጣዋን ነዋ! አርባ ዓመት ሙሉ የወግ አጥባቂዎችን፣ የባለርስቶቹን ፓርቲ፣ ባዛር በየመንደሩ ስትከፍት የኖረችው እሷ ናት፤ ጎማ የሚያህል ሰማያዊ ባርኔጣ ደፍታ መድረክ ትወጣና ስለ አየሩ፣ ስለ ኬኩ ትንሽ ታወራለች፤ ከዚያ “ይህን ባዛር በታላቅ ደስታ መርቄ ከፍቻለሁ” ትላለች፣ ይጨበጨባል፣ ትወርዳለች። ከልማድ ብዛት መድረክ ላይ ከቆመች አፏ ሌላ መጨረሻ አያውቅም። በባሏ ቀብር ሁለት ቃል ተናገሪ ተብላ ስለ ደግነቱ ተናግራ ተናግራ፣ በመጨረሻ ሣጥኑን እያየች ባዛሩን መርቃ ከፍታዋለች። ቄሱ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ልጇ ሄስተር እስከ ዛሬ ትዝ ባላት ቁጥር ሆዷን ይዛ ነው የምትስቀው።

የሄስተር ስም ሲነሳ የቤቱ ጣጣም አብሮ ይነሳል። ሄስተር ታላቋ ናት፣ ጃስፐር ታናሿ። ሰር ጎድፍሬ ሲሞት ቤቱም፣ መሬቱም፣ ሐይቁም፣ በጎቹም፣ “ሰር” የሚለው ማዕረግም ለጃስፐር ወረደ፤ ወንድ ነዋ። ለሄስተር የአባቷ የእጅ ሰዓት ደረሳት። ለእናትየዋ ደግሞ ልጇ እስከፈቀደ ድረስ እዚያው መኖር። ጃስፐር ርስቱን እንደተረከበ ሰጎን አረባለሁ ብሎ ተነሳ። ሰጎኖቹ አጥር ጥሰው ቄሱን ከነብስክሌቱ እስከ ወንዙ አባረሩት። ጃስፐርም በዚሁ ተሰላችቶ ለንደን ሄደና ስለ ድህነት የሚያጠና መሥሪያ ቤት ገባ። ሄስተር አጥሩን ጠግና፣ በጎቹን አዋልዳ፣ ጭሰኞቹን አስታርቃ ርስቱን በጉልበቷ አቁማ ኖረች። የርስቱ ባለቤት ማነው ከተባለ ግን መልሱ ለንደን ነው።

አሁን ደግሞ ጃስፐር የሌበር እጩ መሆን አምሮታል። የሃቨርስቢ የፓርላማ አባል በድንገት አርፈው ማሟያ ምርጫ ሊደረግ ነው፤ ከተማው ለሌበር እንጂ ለሌላ መርጦ ስለማያውቅ ፓርቲው ያጨው ሰው ፓርላማ ገባ ማለት ነው። ሌዲ ዊኒፍሬድ ሌበርን የምታየው እንደ ጉንፋን ነው። ቢሆንም ልጇ እንዲታጭላት ሌት ተቀን ትመኝ ነበር። የስኬልዊክ ቤተሰብ እኮ የቆየ ዘዴ አለው፤ ጅሉን ልጅ ፓርላማ ይልካል፣ ብልሁ ቤት ቀርቶ በጎቹን ያያል። ጅሉ እዚያ ወንበር ላይ ሲያንቀላፋ ይኖራል፣ ርስቱም በሰላም ውሎ ያድራል። የጃስፐር ልዩነቱ የሌበርን ቀይ ጥብጣብ አድርጎ መሄዱ ብቻ ነው።

ማክሰኞ ጃስፐር ከለንደን መጥቶ፣ ወጥ ቤት ገብቶ ምድጃው ላይ ተደገፈ። የፋብሪካ ሠራተኛ ኮፍያ አድርጓል።

“ማሚ፣ ሐሙስ አመሻሽ ላይ ነው እጩውን የሚመርጡት። ከተማ ዝር እንዳትይ! ማንነቴን ካወቁ አለቀልኝ። ጃስ ዊክስ ነኝ ብያቸዋለሁ።”

“ውሸት ነዋ,” አለች ሄስተር ከቧንቧው ሥር የበግ ደም ከክንዷ ላይ እያጠበች።

“ማሳጠር ነው።”

“ባይመርጡህስ?” አለች እናቱ።

“እመለሳለኋ! ለሁልጊዜ። አስቤበታለሁ እኮ። በጎቹን እንሸጥና ቤቱን የዝምታ ማዕከል አደርገዋለሁ። ሰዎች ከለንደን እየመጡ ዝም ይላሉ።”

“ዝም ለማለት ይከፍላሉ?” አለች እናቱ።

“በደንብ ነዋ!”

“እኔስ?” አለች ሄስተር።

“አንቺማ ትገላገያለሽ ሄቲ! የምትወጂውን ሥራ ትፈልጊያለሽ። አስቢው እስቲ፣ ነጻነት!”

ሄስተር እጇን አደረቀች፣ ፎጣውን ሰቀለች፣ ወደ በረቱ ወጣች። በሩን እንኳ ወርውራ አልዘጋችውም፤ እናቷን ያስፈራት እሱ ነው። የምትወደው ሥራ ይኸው አይደለም እንዴ? ፀጉሯ እዚህ መሬት ላይ ሸበተ፤ በዚህ ዕድሜዋ ማን ሊቀጥራት፣ የት ልትገባ? ሌዲ ዊኒፍሬድ ጃስፐርን ከኮፍያው እስከ ጫማው አየችው። ይህ ልጅ መታጨት አለበት አለች በልቧ። ቀይም ይልበስ፣ ራቁቱንም ይሂድ፣ ፓርላማ መግባት አለበት።

ሐሙስ ዝር አትበይ የተባለችው ሴት ሐሙስ ሾርባዋ ላይ ተገኘች። ጠጥታ ሳይመሽ ልትሄድ ነበር። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ነገሩ ወዴት እንዳዘነበለ ለመስማት ጓጉታ ነበር።

“ሁለት ናቸው የቀረቡት,” አለቻት ብሬንዳ አጠገቧ ዘፍ ብላ። “አንዱ ትሬቨር ስታብስ ነው። ጠበቃ። የኛው የማዘጋጃ ኪራይ ቤቶች ልጅ ነው፣ እናቱ የሰው ደረጃ እያጠበች ነው ያሳደገችው። ሌላው ጃስ የሚሉት የለንደን ልጅ ነው። አይ ምስኪን፣ ኮፍያውን ብታዪው! ችግር ፊቱ ላይ ያስታውቃል።”

ሾርባው ሌዲ ዊኒፍሬድን ትን አላት።

“ማን የሚያሸንፍ ይመስልሻል?” አለች ሳሏ ጋብ ሲልላት።

“ትሬቨር ነዋ! የሰፈር ልጅ እያለ። ስሚ ዊኒ፣ ዛሬ አለቅሽም። ስብሰባውን ከመጀመራችን በፊት መድረክ ወጥተሽ ስለ ብርዱ ሁለት ቃል ትናገሪልናለሽ። የሚታጩት ሰዎች የሰው ኑሮ ምን እንደሆነ ይስሙት።”

“እኔ? ኧረ በፍጹም! ምን ቆርጦኝ!”

“እምቢታ አላውቅም። ደግሞ ሁለት ቃል ናት።”

ሌዲ ዊኒፍሬድ ለሁለተኛ ጊዜ እምቢ ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ገጠመችው። ትሬቨር ሊያሸንፍ ነው። ትሬቨር ካሸነፈ ጃስፐር ነገ ሻንጣውን ይዞ ይመጣል፣ ሄስተር የራሷን ይዛ ትወጣለች። ትንሽ አላዝና፣ ሰዉን አባብታ፣ መጨረሻ ላይ “ይህ ኮፍያ ያደረገው ልጅ ደግ ይመስላል” ብላ ብትወርድ ማን ይጎዳል?

“ሁለት ቃል ብቻ,” አለች።

አመሻሹ ላይ አዳራሹ ጢም አለ። መድረኩ ላይ ሁለቱ ተወዳዳሪዎች ተቀምጠዋል። የድሃው ልጅ ትሬቨር ከስፌት የወጣ ጥቁር ሰማያዊ ካፖርት ለብሶ፣ ጫማው ፊት ያሳያል። የባለርስቱ ልጅ ጃስፐር የተቀደደ ሱሪውን እያሻሸ ቁጭ ብሏል። እናቱ ሲባጎዋን አጥብቃ ደረጃውን ስትወጣ ያያት ጊዜ ቆሌው ተገፈፈ። ሊነሳ ብድግ ሲል “ተቀመጥ የኔ ልጅ፣ ተራህ ይደርሳል” ብላ ብሬንዳ መልሳ አስቀመጠችው።

“ስሜ ዊኒ ነው,” አለች ሌዲ ዊኒፍሬድ። “ቤቴ ይበርዳል።”

አዳራሹ ጸጥ አለ። ስለ አየሩና ስለ ኬኩ ብቻ ለምታወራ ሴት ይህ ዓይነት ጸጥታ አዲስ ነገር ነው።

“የምተኛው ሦስት ሹራብ ደርቤ ነው። ዝናቡ አልጋዬ ላይ ይወርዳል፤ ድስት አስቀምጥና ጠብ ጠብ ሲል እያዳመጥሁ አነጋለሁ። ቤቱ የኔ አይደለም። ባለቤቴ ሲሞት ለኔ የተወልኝ ነገር የለም። ባለቤት የሆነው ሰው ዛሬ ውጪ ቢለኝ ዛሬ መውጣቴ ነው። በሙሽርነቴ ነው የገባሁት፤ ሃምሳ ዓመት ኖሬበት አንዲት ጡብ የኔ አልሆነችም። በመጀመሪያው ቀን አማቴ ይህን የምተኛበትን ክፍል ሰጡኝ፣ ይኸው እዚያው ነኝ። ይመችሻል ወይ ያለኝ ሰው የለም። የሚሞቅ ክፍልማ አለ። ውሾች ይተኙበታል።”

“ውሾች!” አለች ብሬንዳ ደረቷን እየመታች።

“ሴት ልጅ አለችኝ። መሬቱን የምታለማው እሷ ናት። ሌሊት ተነስታ በግ ታዋልዳለች፣ አጥር ታጥራለች፣ እጇ የወንድ እጅ ሆኗል። እሷንም ሊያስወጧት ነው። ተገላገልሽ ይሏታል።”

ይህ በዕቅዱ ውስጥ አልነበረም! ሰው ለማባበል ትንሽ ልታላዝን ወጥታ፣ አንዲት ውሸት ሳትጨምር ሕይወቷን ዘርግታው አረፈች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አሳዛኝ መሆኑን ራሷም አታውቅም ነበር። እንባዋ መጣ። የስኬልዊክ ሌዲ በሰው ፊት አታለቅስም፤ ምን እንደምታደርግ ጨነቃት፤ ስለ ኮፍያ ያደረገው ልጅ ልትናገር የነበረው ሁሉ ጠፋት። አፏ የሚያውቀውን አደረገ።

“ስለዚህ,” አለች ቀና ብላ፣ “ይህን ባዛር በታላቅ ደስታ መርቄ ከፍቻለሁ።”

ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳያስበው አጨበጨበ። ሌላው እርስ በርሱ ተያየ። ትሬቨር ስታብስ ቀስ ብሎ ተነሳ።

“ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ,” አለ። “ስምንት ዓመቴ ነበር። ኬክ በነጻ ይሰጣል ሲባል ሰምታ እናቴ የወግ አጥባቂዎች ባዛር ወሰደችኝ። ትልቅ ሰማያዊ ባርኔጣ ያደረገች ሴት በዚሁ ድምፅ፣ በዚሁ ዓረፍተ ነገር ባዛሩን ከፈተች። እኔ በሩጫ አንደኛ ወጣሁ። ሽልማቱን የምትሰጠው እሷው ነበረች። ለሌሎቹ ልጆች ቸኮሌት ነበር። ከማዘጋጃ ኪራይ ቤቶች ለመጣነው ግን ሳሙና።” ወደ ሰዉ ዞረ። “ዊኒ የለችም ጓዶች። ይቺ የስኬልዊክ ሌዲ ናት!”

አዳራሹ ተናወጠ። “ሌባ!” አለ አንዱ። “ሾርባችንን!” አለ ሌላው።

ብሬንዳ እጇን አነሳችና ዝም አሰኘቻቸው። ፊቷ ግን ደም መስሏል። “እውነት ነው ዊኒ?”

“እውነት ነው።”

“ታዲያ ያንን ሁሉ የቀባጠርሽው ቅጥፈት ነዋ!”

“አንዲቷም ቅጥፈት አይደለችም።”

“እሺ፣ ቤቱ የማን ነው?”

ሌዲ ዊኒፍሬድ ወለሉን አየች። ስሙን ከጠራች ጃስፐር አለቀለት፣ ሄስተርም አብራ አለቀላት። “አልናገርም,” አለች።

“የኔ ነው።”

ጃስፐር ቆሟል። ጆሮዎቹ ቀልተዋል፤ ልጅ ሆኖ የቤተ ክርስቲያኑን መስኮት በኳስ የሰበረ ቀን እንዲሁ ነበር የቀሉት። ኮፍያውን አወለቀ። በአፍንጫው ይናገረው የነበረውን የሠራተኛ ሰፈር አነጋገር ትቶ በገዛ አነጋገሩ፣ ሲወለድ በተሰጠው በዚያ ለስላሳ አነጋገር፣ “ጃስፐር ስኬልዊክ ነኝ። እናቴ ናት። ቤቱም፣ ድስቱም፣ ውሾቹም የኔ ናቸው” አለ።

“ሰር ጃስፐር!” አለ ትሬቨር እጅ እየነሳ። “ኮፍያው ስንት ተገዛ?”

“ብዙ,” አለ ጃስፐር። ሰዉ ሳቀበት። እሱ ግን ወደ እናቱ ዞሮ ነበር። “ማሚ፣ እውነት ይበርድሻል?”

“ይበርደኛል።”

“ለምን አትነግሪኝም?”

“ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?”

ጃስፐር አገር ለአገር እየዞረ ሰዎችን “ቤታችሁ ይሞቃል ወይ?” እያለ ሲጠይቅ የኖረ ሰው ነው፤ ሥራው ይኸው ነበር። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሌዲ ዊኒፍሬድ ልጇን በዚያች ደቂቃ እንደወደደችው ወድዳው አታውቅም፤ ጅልነቱንም ቢሆን።

“አልቅስ ያለህ የለም,” አለች ብሬንዳ። “ምን ልታደርግ ነው? እሱን ንገረን!”

“እሰጠዋለሁ,” አለ ጃስፐር። “ለሄስተር። ለእህቴ። ቤቱን፣ መሬቱን፣ ሁሉንም። የሠራችበት እሷ ናት።”

“መቼ?”

“እ... ነገ?”

“ሰምታችኋል?” ብላ ጮኸች ብሬንዳ።

“ሰምተናል!” አለ አዳራሹ። ከዚያ ጭብጨባው ጀመረ፤ ወንበር ላይ የወጣም ነበር፣ መስኮቶቹ ተንቀጠቀጡ። ሌዲ ዊኒፍሬድ ልጇ በማግስቱ ከእንቅልፉ ሲነሳ እንደሚጸጸት ጠንቅቃ ታውቃለች። እሰይ፣ ይህን ሁሉ ምስክር የሰጠኝ አምላክ ይመስገን አለች።

ድምፅ ሲሰጥ ጃስፐር በሰፊው አሸነፈ።

ሌዲ ዊኒፍሬድ ልትወጣ ስትል በሩ አጠገብ ትሬቨር ስታብስ አዲሱን ካፖርቱን ሲቆልፍ አገኘችው።

“ስለዚያ ሳሙና...” አለች።

“ጥሩ ሳሙና ነበር,” አለ ትሬቨር። “እናቴ ለእንግዳ ይሆናል ብላ አስቀመጠችው። ሳንፈታው ሞተች።” የመጨረሻውን ቁልፍ ቆለፈ። “ዕድሜዬን ሙሉ ከድህነት ስወጣ አንድ ሰው አላጨበጨበልኝም። እሱ ዛሬ ከሀብቱ ላይ ወረድኩ አለ፣ አዳራሹ ሊፈርስ ነበር።”

“ካንተ ጋር ሲነጻጸር ልጄ ጅል ነው። አውቃለሁ።”

“ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?”

“ጅሉ የኔ ነዋ,” አለች። ሌላ የምትለው አልነበራትም፤ አፍራለች።

ብሬንዳ በሩን ይዛላት ቆማለች። “ደህና ይግቡ፣ ሌዲ ዊኒፍሬድ,” አለቻት። ያቺ “ይግቡ” ከውጪው ብርድ ይልቅ አጥንቷን ዘለቀቻት። አንገቷን ደፍታ ሁለት ሦስት እርምጃ እንደሄደች ከኋላዋ ያ ሰፊ ድምፅ መጣ።

“ሐሙስ ትመጫለሽ?”

“ሾርባ ለመጠጣት?”

“ሾርባውማ ቀረብሽ! ሽንኩርት የሚልጥልኝ ሰው ግን የለኝም።”

“እመጣለሁ,” አለች ዊኒ።

ላንድሮቨሩን ጃስፐር ነዳው። ከከተማው እስኪወጡ ድረስ እያፏጨ ነበር፤ ዳገቱ ጋ ሲደርሱ ፉጨቱ ቆመ።

“ማሚ፣ ያ ‘ነገ’ ያልኩት ነገር... በፖለቲካ ቋንቋ እኮ...”

“አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰምቶሃል።”

“እሱስ አዎ።”

“ብሬንዳ ሰምታለች።”

ጃስፐር ማርሽ ቀየረ። ትንሽ ከተጓዙ በኋላ፣ “ያም ሆነ ይህ ድምፅሽን ለኔ ትሰጫለሽ አይደል?” አለ።

“በረደኝ እንጂ አላበድኩም፣ ልጄ!”

ሄስተር በረቱ ውስጥ ጭድ ላይ ተንበርክካ አንዲት ምጥ የጠናባት በግ ትረዳለች። እናቷ ከፋኖሱ ሥር ቆማ ሁሉንም ነገረቻት፤ ሾርባውን፣ መድረኩን፣ ባዛሩን፣ የጃስፐርን ጆሮ። ሄስተር ባዛሩ ላይ ስትደርስ ሳቋ አመለጣት። “ነገ” የሚለው ላይ ስትደርስ ግን ሳቋ ተቋረጠ። ግልገሉን ጎትታ አወጣችው፣ አፉን ጠረገችለት፣ ለእናቱ አስጠጋችው። ከዚያ ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠችና ደም የነካው እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ እንደ ሕፃን ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

እናትየው ምን እንደሚደረግ አታውቅም። ብሬንዳ ትዝ አለቻትና ቀረብ ብላ የልጇን ጀርባ ቸብ ቸብ አደረገቻት። ለሁለቱም አዲስ ነገር ነበር።

“ጣሪያውም የኔ ሆነ በይኛ,” አለች ሄስተር አፍንጫዋን በክንዷ እየጠረገች።

“ከነቀዳዳው።”

“ከበጋው በፊት አይጠገንም። ገንዘቡ የለም።” ሄስተር ቀና ብላ እናቷን አየቻት፤ ሲባጎውን፣ የተበላውን ክርን፣ የቀላውን የአፍንጫ ጫፍ፣ ዘወትር የምታየውን ነገር ሁሉ ደግማ አየችው። “ማሚ፣ አንቺ የት መተኛት ትፈልጊያለሽ?”

ሌዲ ዊኒፍሬድ ለማሰብ ጊዜ አልወሰደባትም።

“ከወጥ ቤቱ በላይ ያለችው።”

“የሚስስ ኮብ ክፍል? የገረድ ክፍል እኮ ናት!”

“አውቃለሁ,” አለች ሌዲ ዊኒፍሬድ። “ከገባሁበት ቀን ጀምሮ ስቀናባት ነው የኖርኩት።”